ባላንጣዬ የመረጠልኝ ካርድ

ሰው በገዛ ሰርጉ ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይችላል። እኔን ወስዶኛል። ለሰርጉ ዝግጅት ወንበር ስሸከምና ድንኳን ስወጥር ሰንብቼ፣ በመጨረሻ ከሙሽራዋ ጎን ሲያስቀምጡኝ መቀመጫው ለስላሳ ሆነብኝና አፌን ከፍቼ ተኛሁ። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የቀረጸኝ ሰው ዘንድ ነው።

ያን ጊዜ እኔም ፒያሳ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበርኩ። ቀራጭ የአገሩን ሰርግ ሁሉ ይቀርጻል፣ የራሱን ግን አይችልም፤ ካሜራ በትከሻው ተሸክሞ የሚሞሸር የለም። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ስቱዲዮ የነበረውን ባላንጣዬን መጥራት ግድ ሆነብኝ። መጣ፣ ቀረጸ፣ ካሴቴን አስረከበኝ። ከዚያ የእንቅልፌን ክፍል ለብቻው ቆርጦ በሱቁ መስኮት ባስቀመጠው ቴሌቪዥን ላይ ደጋግሞ ያሳየው ጀመር። ከሥሩ «እኛን የሚያመልጠን የለም» ብሎ ጻፈበት። ማስታወቂያ መሆኑ ነው።

ወርቅ ሊያሠራ የመጣ፣ ኬክ ሊበላ የመጣ፣ ታክሲ የሚጠብቅ፣ ሁሉም ቆሞ አፌን ተመለከተ። አንድ የአትክልት ተራ ተሸካሚ ጎመኑን እንደተሸከመ ቆሞ ሲስቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቴን የማያውቋት ሴቶች መንገድ ላይ እያስቆሙ «አይዞሽ እህቴ» ይሏት ነበር። ያ ቴሌቪዥን ከዓመታት በኋላ ተቃጥሎ አረፈ። እኔ ግን እስከ ዛሬ እጨሳለሁ። ሽማግሌዎች መጥተው «ይቅር በለው» ብለውኝ «እሺ» ብያለሁ፤ እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

የምበቀልበት ነገር በእጄ ገብቶ ነበር። አንድ የሰፈራችን ሰው ሲዳር ባላንጣዬ ሚዜ ሆነ፣ ቀራጩ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ጭፈራው ሲሞቅ አንድ ጊዜ ዘለለ፣ ቀበቶው ተበጠሰ፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወረደ። እሱ እንኳ ጥቂት እስክስታ ከመታ በኋላ ነው ብርዱ የተሰማው። የሙሽራዋ አባት ጋቢያቸውን አልብሰው አስቀመጡት።

በሳምንቱ የሙሽራው ቤተሰብ መጥቶ «ይህቺን ቁረጥልን» አለኝ። ከሰርግ በኋላ ቀራጭ ዘንድ ብቅ ብሎ ይህን የማይል ቤተሰብ የለም። የሰከረ አጎት ይቆረጣል፣ በመልሱ ቀን የተኳረፈች አክስት ትቆረጣለች። እኔም ቆረጥኩ። ያልተቆረጠውን ካሴት ግን ለክፉ ቀን አስቀረሁት። ክፉ ቀን ሲመጣ ካሴቱ ጠፋ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በካሴቶቼ ላይ የምጽፈው «ሰርግ»፣ «ሰርግ አዲሱ»፣ «ሰርግ የመጨረሻ»፣ «ሰርግ እውነተኛው የመጨረሻ» እያልኩ ነበርና መደርደሪያው ራሱ ግራ ገብቶት ነበር።

ዘመኑ ተለወጠ። ስልክ የያዘ ሁሉ ቀራጭ ሆነና ስቱዲዮዬን ዘጋሁ። ቤቴ ተቀምጬ የድሮ ካሴቶቼን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ያዝኩ። ስምንት ሃርድ ዲስኮች አንድ ላይ አዋህጄ ትልቅ ጎተራ አደረግኳቸውና ሁሉንም እዚያ ውስጥ ከተትኩ። ልጆች ይህን ሰርቨር ይሉታል፤ ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ስለሚያጉረመርም «ጅቡ» ትለዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስገለብጥ፣ ያ ሱሪ ዓይኔ እያየ ወረደ። ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ገልብጬ ስጨርስ የሻገቱትን ካሴቶች በሙሉ ጣልኩ፣ መደርደሪያውንም ባለቤቴ ለድስቶቿ ወሰደችው።

ከዚያ መብራት ሄደ። ሲመለስ እንደ ተበደለ ሰው በጉልበት ተመለሰና ማዘርቦርዱን፣ ዲስኮቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ፣ አቃጠለው። ዲስኮቹ ተረፉ። ነገር ግን የተዋሃዱ ዲስኮች እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ናቸው፤ አንዱን ነጥለህ ብትጠይቀው ምንም አይነግርህም። ሁሉም ባንድነት ካልተቀመጡ ነገር አይጀመርም። እኔ ደግሞ በምትኩ ያገኘሁት የቢሮ አሮጌ ኮምፒውተር አራት የዲስክ መሰኪያ ብቻ ነው ያለው። «ይቆይ፣ ምን ያስቸኩላል» ብዬ ዲስኮቹን በፎጣ ጠቅልዬ አስቀመጥኳቸው።

የሚያስቸኩለው መጣ። ሰፈራችን ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ የድሮ ጎረቤቶች ከፋሲካ በኋላ አዳራሽ ተከራይተን ምሳ እንበላለን። የዝግጅቱ ሰብሳቢ፣ የቀድሞ ጎረቤቴ፣ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ካባ የምናለብሰው ሰው አለ» አለችኝ።

ልቤ ዘለለ። መዋሸት አያስፈልግም፣ ትከሻዬን ሁሉ ቀና አድርጌ ነበር።

«የሰፈሩ ትዝታ ጠባቂ ብለን» አለችና የባላንጣዬን ስም ጠራችው። ቀጥላም፣ «እርስዎ ደግሞ ከድሮ ቪዲዮ የሚታይ ካለዎት በስክሪን እናሳየው ነበር።»

«አለኝ» አልኳት። «አንድ ደህና ነገር አለኝ።»

እንግዲህ በዚያ ምሳ ላይ፣ ካባው ትከሻው ላይ ከማረፉ በፊት፣ ሱሪው መውረድ ነበረበት። ለዚያ ስምንቱም ዲስኮች ባንዴ መናገር አለባቸው፤ እንዲናገሩ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ለተጨማሪ ዲስኮች በር የሚከፍት ካርድ ያስፈልጋል። ስልኬ ላይ እያነበብኩ ዓይኔ ቀላ። እንዲህ ያለ ካርድ ከትልልቅ ሰርቨሮች ላይ ተነቅሎ የሚሸጥበትን ሱቅ ፒያሳን ዞሬ ፈለግሁ። አንድ ብቻ አገኘሁ፤ አሮጌ ሕንጻ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ባለሱቁ ማን ይመስላችኋል? ስቱዲዮውን ከዘጋ በኋላ ወደ ኮምፒውተር ዕቃ የዞረው ባላንጣዬ።

ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ «ተመለስ» አለኝ፣ ቂሜ «ውጣ» አለኝ። ቂሜ ከጉልበቴ ይበረታል።

«ነቃህ?» አለኝ ገና ሲያየኝ። ሰላምታው ይኸው ነው፤ ከሰርጌ ማግስት ጀምሮ ሌላ ብሎኝ አያውቅም።

«ዲስክ የሚጨምር ካርድ እፈልጋለሁ» አልኩት።

«ስንት ዲስክ?»

«ስምንት።»

«ምን ያለበት?»

«ሰርግ።»

«የማን?»

«የሰው።»

ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ግንባሩን አከከና ሦስት ካርዶች ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አንደኛዋ ትንሽ ናት፣ ብዙ መሰኪያ አላት። «ይቺ ለዓይን ታምራለች» አለ። «ግን መንገዷ አንድ ነው። ስምንቱም ባንዴ ሲሮጡ እንደ ጠዋት ታክሲ ይጋፋሉ፤ መሃል መንገድ ላይ አንዱን ታወርደዋለች።» ሁለተኛው ካርድ ወፍራም ነው፣ የራሱ ባትሪ ሳይቀር አለው። «ይሄ ደግሞ የራሱ ጭንቅላት አለው። የማያውቀውን ዲስክ ሲያገኝ እኔ ላስተዳድር ይላል፤ ለማስተዳደር መጀመሪያ ይጠርጋል። አንተ ደግሞ መነጽርህን ረስተህ አዎ ትለዋለህ።» ሦስተኛው እርቃኑን የቀረ፣ ምንም የማያምር ካርድ ነበር። «የሚሆንህ ይሄ ነው። ምንም አያስብም። ዲስኩን እንዳለ ያቀብላል።»

አየሁት። ዕድሜውን ሙሉ ለእኔ ደግ ነገር ያላሰበ ሰው ዛሬ ምን ተገኘ? ሁለተኛውን አትውሰድ ያለው የሚጠቅመኝ ቢሆን ነው። ሦስተኛውን ያቀረበው የማይሸጥለት ቢሆን ነው። እኔ አራዳ ነኝ፣ በእንዲህ ያለ ነገር አልሸወድም።

«ወፍራሙን ስጠኝ» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ባትሪ ያለው ይሻላል።»

ትከሻውን ነቅንቆ ጠቀለለልኝ። ደረጃውን እያፏጨሁ ወረድኩ።

ቤት ገብቼ ሰካሁት፣ ስምንቱንም ዲስኮች አገናኘሁ። ካርዱ ተነሳና በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። እንደገና ጠየቀኝ። ይህ ካርድ ጨዋ ነው፣ ሳይጠይቅ አያልፍም ብዬ ወደድኩት፤ አዎ አልኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ጣቴን አንስቼ ልጫን ስል ባለቤቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ እንደያዘች ከኋላዬ ቆመች። እሷ ጸሐፊ ሆና የሠራች ናት፤ የተጻፈ ነገር ካየች እስከ መጨረሻው ሳታነብ አትተውም።

«ሰውዬ» አለች። «በዲስኮቹ ላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል ነው የሚለው። ልታጠፋው ነው?»

ጣቴን አየር ላይ ተውኩት።

«መነጽርህስ?» አለች።

መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ነቀልኩት። አንድ ጣት ሲቀረኝ፣ የሰፈሩን ሰርግ ሁሉ፣ የባላንጣዬንም ሱሪ ጭምር፣ በገዛ እጄ ልጠርገው ነበር። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው፤ ያ ሰው ልክ ነበር። መስኮቱን ይቅር ልለው እችል ይሆናል። ልክ መሆኑን ግን ይቅር አልለውም።

በማግስቱ ደረጃውን እንደገና ወጣሁ።

«ነቃህ?»

«ሦስተኛው ካርድ አለ?»

ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠ ዕቃ አወጣ። «አስቀምጬልሃለሁ» አለ። «ትመለሳለህ ብዬ።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርገዋለህ? ብሩን ቆጥሬ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። እሱ ግን ቀጠለ፤ ካርዱ ትልልቅ ሰርቨር ውስጥ ንፋስ ለምዶ ያደገ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሲገባ ይግላልና ትንሽ ፋን አጠገቡ እሰርለት አለኝ፤ እያንዳንዳቸው አራት ዲስክ የሚይዙ ሁለት ኬብሎችም ሰጠኝ። የራሱን ገመድ ራሱ ገምዶ አቀበለኝ ማለት ነው። ደስታዬ ከንፈሬ ላይ እንዳይታይ ጉንጬን ነከስኩ።

ካርዱን ሰካሁ፣ ፋኑን በመጋረጃ ክር አሰርኩለት። እንዳለው ሆነ። ምንም ሳይጠይቅ፣ ምንም ሳያስብ፣ ስምንቱንም እንዳሉ አቀረባቸው። ጅቡ ማጉረምረም ጀመረ፤ ባለቤቴም በሩን ዘጋችብኝ። ጎተራው ተከፈተና ከነልብሳቸው፣ ከነዘፈናቸው፣ ሙሽሮቼ ሁሉ ወጡ። ሱሪውን ፈልጌ አገኘሁት። በፍላሽ ገለበጥኩትና የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

የምሳው ቀን አዳራሹ ሞልቷል። ባላንጣዬ ከፊት ተቀምጧል፣ አዲስ ኮት፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ፣ መላጣው እንደ ሎሚ ያበራል። ሰብሳቢዋ ካባውን አጣጥፋ ይዛለች። መጀመሪያ ቪዲዮው ይታይ አለች። መብራቱ ቀነሰ።

ዘለለ። ቀበቶው ተበጠሰ። ሱሪው ወረደ። አዳራሹ ፈነዳ፤ አሮጊቶች ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተንፈቀፈቁ። እኔ ስክሪኑን አላይም፤ እሱን ነው የማየው። ሲያፍር፣ ሲሸማቀቅ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ሲያደርግ ላየው ነው ይህን ያህል ዓመት የቆየሁት።

ሰውዬው ከመቀመጫው ተነሳ። ሊወጣ ነው አልኩ። ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«ጸጉሬን» አለ። «ጸጉሬን አያችሁት?»

በእውነት እኔ አላየሁትም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ከወገቡ በታች ስመለከት፣ ላዩ ላይ የነበረውን አፍሮ ልብ አላልኩትም። እንደ ዣንጥላ የተዘረጋ፣ በዘለለ ቁጥር አብሮት የሚዘል ጸጉር።

«መልሱት እስቲ» አለ። መለሱት። «እዚህ ላይ አቁሙት።» ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንዳለ አቆሙት። እሱ ግን ወደ ላይ እየጠቆመ፣ «ቤት ስንለቅ ፎቶዬ ሁሉ ጠፍቶ፣ እነዚህ የወንድሜ ልጆች ጸጉር ነበረህ ወይ እያሉ ይቀልዱብኛል። ይኸው፣ እዩት!» አዳራሹ አጨበጨበ። ካባውን አለበሱት። ማይክሮፎን ተቀብሎ ለኔ ምስጋና አቀረበ። «ወንድሜ» አለኝ፣ በሰው ፊት። ምሳው አልወረደልኝም።

ሲወጡ በር ላይ ያዘኝ።

«ያቺን ገልብጥልኝ፣ እባክህ።»

እባክህ። ከዚህ ሰው አፍ። ቀስ ብዬ፣ እንዲያጣጥመው፣ «እናያለን» አልኩት።

ቤት ገብቼ ሥራዬን ሠራሁ። አርባ ዓመት ያህል ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መቀሱ አልዶለዶመም። ምስሉን አሳደግኩና ከአንገት በላይ ያለውን በሙሉ ከስክሪኑ ውጪ አስቀረሁት። የተረፈው ጥርት ያለ ነው፤ ክራባት፣ የሚዜ ኮት፣ የሚወርድ ሱሪ፣ ሁለት ቀጫጭን እግሮች። ጭንቅላት የሚባል ነገር የለም። በፍላሽ አድርጌ በሰው ላክሁለት።

በማግስቱ ደወለ። የዛሬን «ነቃህ» አላለኝም።

«ጸጉሬ የት አለ?»

«የለም እንዴ?»

«ከአንገቴ ነው የሚጀምረው።»

«እንግዲህ ካርዱ ነው» አልኩት። «እንዳለ ያቀብላል ብለህ አንተው አይደለህ የመረጥክልኝ?»

 

«ቤትህ ልምጣ?» አለ።

«ደረጃው ይከብድሃል» አልኩት፣ በርኅራኄ።

«እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ይመጣል። ባለቤቴ «ስጠውና ይረፍ፣ አንተም እረፍ» ትላለች። ልሰጠው አስቤያለሁ፤ ግማሽ ግንባር ያህል። የቀረውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ።