በእንግዳ እጅ የተላከ ሹራብ

ሻንጋይ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እንኳ፣ በሕዝብ መናፈሻው መንገድ ግራና ቀኝ ጃንጥላ ተዘርግቶ ታያላችሁ። በየጃንጥላው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ያላገባ ልጅ ዕድሜ፣ ቁመትና ሥራ ተጽፎበታል። ከጃንጥላው ኋላ አባት ወይም እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠው አማች ወይም ምራት ይጠብቃሉ። ልጆቹ ብዙውን ጊዜ አያውቁም፤ ያወቁ ዕለት ቤት ይታመሳል።

እኔ ሸን ዌይጁን እባላለሁ፤ ሥራዬ የውጭ አገር ሰው ከተማ ማስጎብኘት ነው። እንግዶቼን ወንዝ ዳር ወስጄ ሕንፃ አሳያቸዋለሁ፣ በጠመዝማዛው ድልድይ አሻግሬ ሻይ አስጠጣቸዋለሁ፣ ቅዳሜ ከሆነ ደግሞ እዚህ አመጣቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ሳያስፈቅዱ ፎቶ ያነሳሉ። የወላጆቹን ስድብ የምሰማው እኔ ነኝ፤ ለእንግዶቼ ግን አልተረጉመውም።

ሽማግሌው ፋንግ በዚያ ሁሉ ጃንጥላ መሀል ስሙ በክፉ የሚነሳ ሰው ነበር። የመርከብ ብረት ሲበይድ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከሲታ፣ እጁ በእሳት ፍንጣሪ የተጠቃጠቀ አባት ነው። ለልጁ ለዪሊን የሚፈልገው አማች ቁመቱ በር የማያስገባው፣ ሦስት ቋንቋ የሚያውቅ፣ የራሱ ቤት ያለው፣ ሲተኛ የማያንኮራፋ መሆን አለበት። ከሥር ደግሞ «እናት የሌለው ቢሆን ይመረጣል» ብሎ ጽፏል። ይህችን ሲያነብቡ የወንድ ልጅ እናቶች ያብዳሉ።

አንዷ፣ «ፋንግ፣ ልጅህ የምትፈልገው ንጉሥ ነው እንዴ? የመጨረሻውን ካወረድነው እኮ ቆየን» ብትለው፣ «ሌላ እስኪነግሥ እንጠብቃለን» ብሎ ምሳውን መብላት ቀጠለ። እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ። ደፋር ሆና የቀረበች እናት ብትገኝ እንኳ አንድ ነውር አውጥቶ ይመልሳት ነበር። ሁሉም ትዕቢተኛ ነው ብለው ተዉት።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ኤካርት የሚባል ጀርመናዊ ይዤ መጣሁ። ዳቦ ጋጋሪ የነበረ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ትልቅ ሰውዬ ነው። ፎቶ አያነሳም፤ ቆሞ ያያል። እንዲህ ያለ እንግዳ ከስንት አንዴ ነው የሚገጥመኝ። ሽማግሌው ፋንግ ፊት ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀና ልጅቷ እንዴት ያለች እንደሆነች ጠይቂልኝ አለኝ። ስጠይቅለት፣ ሽማግሌው ሰውዬው ከየት አገር እንደመጣ መልሶ ጠየቀኝ። ከጀርመን ነው አልኩት። ፊቱ ልክ እንደ ወረቀቱ ነጣ። ተነስቶ ጃንጥላውን አጠፈ።

«ትንሿ ሸን» አለኝ፤ እኔ ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ ለእሱ ግን ትንሿ ነኝ። «ይህ ሰው ነገ ተነገ ወዲያ አገሩ ይገባል። ለእሱ የምነግረው ነገር አለኝ። አንቺ አሁን አፍ ነሽ እንጂ ጆሮ አይደለሽም። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ አጎቴ» አልኩት።

ከዚያ ነገረው። ዪሊን ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ጀርመን አገር ሥራ አግኝታ፣ ሻንጣዋን አሰናድታ፣ ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት መኪና ገጫት። ያን ጊዜ እናቷ ጂንፌንግ ልቧን በቀዶ ጥገና ተከፍታ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ መከረ፤ መርዶው እንዳይነገራት ተስማሙ። በእኛ ዘንድ ለታመመና ለሸመገለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ እስኪያገግም ይባላል። ሻንጣው ዝግጁ ስለነበር ውሸቱም ዝግጁ ነበር፤ ልጅቷ ሄደች አሏት። ጂንፌንግ አገገመች፣ ቀኑ ግን አልመጣም። ዛሬ ልንገራት ሲል ነገ፣ ነገ ሲል የበዓል ሰሞን እየሆነበት ቀረ። የእህቱ ልጅ አልፎ አልፎ ዪሊንን ሆና ትደውላለች፤ የጂንፌንግ ጆሮ ስለደከመ ድምፅ አትለይም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ፤ ዘመዱ ሁሉ ያወቀውን ሐዘን ያላወቀች እሷ ብቻ ነበረች።

ጃንጥላውስ? ጃንጥላውን የምታስይዘው ጂንፌንግ ናት። ልጄ ስትመለስ ባል ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ብላ፣ ቅዳሜ ጠዋት ምሳውን ቋጥራ ትሰደዋለች። እሷ ልቧ ስለማይችል አምስት ፎቅ ደረጃ አትወርድም፤ የጎረቤት ሴቶች ግን መናፈሻው ውስጥ ሲዘዋወሩ ያዩታል፣ ለእሷም ያወሩላታል፤ ስለዚህ መቅረት አይችልም። ሰው እንዳይቀርብ ብሎ ነው ያን ሁሉ መስፈርትና ነውር የሚደረድረው። «የሰው ልጅ ተስፋ እንዳያደርግ ነው» አለ፤ «የሞተች ልጅ ለማን እድራለሁ?»

አፍ ነሽ ተብያለሁና እየተረጎምኩ ነው ያለቀስኩት። ኤካርት የሽማግሌውን እጅ ያዘ። ሽማግሌው አንድ ነገር ለመነው፤ ቤት መጥቶ ሚስቱ ዘንድ እንዲቀመጥ፣ ስለ አገሩ እንዲያጫውታት። ዪሊንን አየኋት እንዲላት አልጠየቀውም። ኤካርት መዋሸት እንደማይችል፣ እውነት የሆነውን ብቻ እንደሚያወራ ተናግሮ እሺ አለ።

ያኑ ዕለት ጂንፌንግ በር ከፈተችልን፤ አጭር፣ ፈጣን፣ እንግዳ ስታይ ፀጉሯን በእጇ የምታስተካክል ሴት። አንተ ሽማግሌ፣ እንግዳ እንደምታመጣ ቀድመህ አትነግረኝም? ብላ ባሏን ተቆጣች። ሊጥ ጠቅልላ በሾርባ ቀቀለች፣ ብርቱካን ልጣ በእንግዳው እጅ አስቀመጠች። ዳቦው ጥሩ ነው ወይ፣ ሰዉ ለባዕድ ደግ ነው ወይ እያለች ጠየቀች። ኤካርት ሁሉንም በእውነት መለሰ። ብርዱስ? አለች። ብርዱ አጥንት እንደሚገባ፣ ጨለማው እንደሚረዝም ነገራት። እኔም እንዳለ ተረጎምኩት። ምነው ባሳሳትኩት ኖሮ።

ጂንፌንግ ወደ ጓዳ ገብታ አረንጓዴ ሹራብ ይዛ ወጣች። ዓመቱን ሙሉ ስትሠራው የቆየችው ነው። በፖስታ እንዳትልከው ባሏ አድራሻው ተቀየረ እያለ ሲያጓትታት ኖሯል።

«ለልጄ በእጅህ ስጥልኝ» አለችው። «እጅጌውን አስረዝሜዋለሁ፤ እጇ ቶሎ ይበርዳታል። ትሰጥልኛለህ?»

ኤካርት ሽማግሌውን አየው። ሽማግሌው ወለሉን ያያል። ሰውዬው አሁን እውነቱን ቢያወጣው ይህች ሴት እዚሁ ፊታችን ትወድቃለች። ኤካርት ሹራቡን በሁለት እጁ ተቀበለ። «ያለችበት ድረስ አደርስላታለሁ» አለ። ጂንፌንግ እጁን ጨብጣ አልለቅ አለችው።

ደረጃው ላይ ስንደርስ ግን ኤካርት ተቆጣ። ቃል ሰጥቼ አፍርሼ አላውቅም፣ አሁን ይህን ወዴት ነው የማደርሰው? ብሎ ጮኸብኝ። ሽማግሌው ፋንግ እርከኑ ላይ ቁጭ አለ። ሹራቡን ከእንግዳው ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አደረገና ዳሰሰው።

«እኛ መንገድ አለን» አለ። «ነገ የዓመቱ አጭር ቀን ነው። ለሞቱብን ሰዎች ልብስ የምንልክበት ነው። ቃሉን አያፈርስም በይው።»

በማግስቱ ኤካርት ረጅሙ ሕንፃ ላይ ወጥቶ ከተማውን ሊያይ ነበር። ተወው። ሦስታችን ከከተማ ወጣ ወዳለው መቃብር ሄድን። ዙሪያችን ሰው ሁሉ የወረቀት ልብስ፣ የወረቀት ጫማ ያቃጥላል። እውነተኛ ሹራብ የያዝነው እኛ ብቻ ነበርን። የተቃጠለው የሚደርሰው የተቀባዩ ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ ነው፤ አለበለዚያ ዘመድ የሌለው ሙት ይነጥቀዋል ይባላል። ሽማግሌው እሳቱ ፊት ቆሞ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። የልጁን ስም ለሚስቱ ሲዋሽ በየቀኑ ይጠራዋል፤ እንደ ሙት ስም ግን ጠርቶት አያውቅም።

ኤካርት በእጄ እሰጣለሁ ብዬአለሁ ብሎ ሹራቡን ወስዶ እሳቱ ላይ አኖረው። ሱፉ እንደ ፀጉር ሸተተ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ጮኸ፤ «ዪሊን! ከእናትሽ ነው! ልጄ፣ ተቀበይ፣ ልበሺው!» ደጋግሞ ጠራት፤ እሳቱ ካለቀም በኋላ እየጠራት ነበር። ደግፈን አነሳነው። ኤካርት ማታውኑ ወደ አገሩ በረረ።

በቀጣዩ ቅዳሜ እንግዳ አልነበረኝም፤ ቢሆንም መናፈሻው ሄድኩ። ሽማግሌው ፋንግ ከጃንጥላው ኋላ ተቀምጧል፤ ምሳውን ግን አልነካም። ምነው፣ አጎቴ፣ አመመዎት? አልኩት። ወደ በርጩማው ጫፍ ሸሸት ብሎ አስቀመጠኝ።

«አሮጊቷ ጠዋት ምሳ ስትቋጥር ሕልሟን ነገረችኝ» አለ። «ዪሊንን አይቻታለሁ፣ ሹራቡን ለብሳዋለች፣ እጅጌው ረዝሞባት አጥፋዋለች አለችኝ። ሳቀች። ሳስረዝመው አበዛሁት፣ የሚቀጥለውን አሳጥረዋለሁ አለች።»

«እርስዎስ ምን አሏት?»

ጃንጥላው ላይ ያለውን ወረቀት በተጠቃጠቀ እጁ አስተካከለ።

«ሞቋታል ወይ? ብዬ ጠየቅኳት» አለ። «ሞቋታል አለችኝ።»