አባቴ ለዜና አንባቢው የመለሰው

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ ሬዲዮ ከጎኑ አይጠፋም ነበር። ዜና ግን አያዳምጥም፤ ይከራከራል። «የታክሲ ሰልፍ ሊቀንስ ነው» ከተባለ፣ እጁን ከሥራው ሳያነሳ፣ «እስኪ አንተ መጀመሪያ እዚህ መጥተህ ተሰለፍ!» ይለዋል ዜና አንባቢውን። እኔ ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ንግግሩን ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቁስቋም ወረድ ብሎ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ብሎጌ ላይ አወጣው ነበር።

ያኔ ብሎግ ያለው ሰው ራሱን የጋዜጣ አዘጋጅ አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። እኔማ ብሶብኝ ነበር። ጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ፊደል፣ ከላይ የሚረግፍ አበባ፣ ከታች የጎብኚ መቁጠሪያ! ቁጥሩን የማሳድገው እኔው ራሴ ነበርኩ፤ ገጹን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ይጨምራል። አስተያየት የሚሰጠኝም አንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙን አይጽፍም፤ «አንደኛ ነኝ!» ብሎ ይጠፋል። የዘመኑ ፋሽን እሱ ነበር፤ ጽሑፉን ሳያነቡ ቀድሞ ለመታየት መሽቀዳደም። ያበሳጨኝ ነበር። አንድ ቀን «ከመጣህ አይቀር ሁለት መስመር አንብብ» ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ በሳምንቱ መጣ፦ «አንደኛ ነኝ!»

ከዚያ ሁሉም ፌስቡክ ገባ፤ እኔም ገባሁና ብሎጉን ረሳሁት። የብሎግ አገልግሎቱ እንደተዘጋ የሰማሁት ከተዘጋ ከቆየ በኋላ ነው። ደብተሮቹንም ቤት ስንቀይር ጥያቸዋለሁ። አባቴ መርሳት እስኪጀምር ድረስ አልቆጨኝም ነበር። አሁን ሬዲዮው ሲያወራ ዝም ይላል። ያ ተከራካሪ ሰው የት እንደገባ እንጃ። ንግግሩ በእጄ የነበረ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

ባለፈው የስልኬ መስታወት ተሰነጠቀና ላሠራው የድሮው ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ፤ አሁን የሞባይል ጥገና ሆኗል። ባለቤቷ ያችው ያኔ ኮምፒውተር የምትከፍትልኝ ሴት ናት፣ ፀጉሯ ብቻ ሸብቷል። ስለ አባቴ ጠየቀችኝ። ስለ ሕመሙም ስለ ጠፋው ብሎግም ነገርኳት። ሥራዋን አቁማ አየችኝ።

«እ... ማለቴ፣ እንዳትስቂብኝ» አለች። «አንደኛ ነኝ እያልኩ የምጽፈው እኮ እኔ ነበርኩ። ማንም ሳይጽፍልሽ ሲቀር ፊትሽ ያሳዝነኝ ነበር።»

እኔ በሆዴ ስሰድበው የኖርኩት ሰው እሷ ናት!

«ደግሞ የጻፍሽውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬዋለሁ» ቀጠለች። «ኔትወርክ ሲጠፋ ደንበኛው ተነስቶ እንዳይሄድብኝ የአባትሽን ነበር የማስነብበው። ስንቱ ስቆበታል መሰለሽ! ኮምፒውተሮቹን ስሸጥ እንኳን እሱን መጣል ስላልሆነልኝ አንዱን አስቀረሁት።»

ለካ መቁጠሪያዬ ያላያቸው ብዙ አንባቢዎች ነበሩኝ። ጽሑፎቹን በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችኝ። አገላብጬ ስሜያት ወጣሁ። ዛሬ ስንት ሺህ ላይክ ቢሰጡኝ የእሷን አንድ «አንደኛ ነኝ» አያክልልኝም።

በማግስቱ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ ያንን የታክሲ ሰልፍ ነገር አነበብኩለት። ሬዲዮውን በእጁ ምልክት አስቀነሰኝ። ቀና ብሎ አዳመጠ፤ ስጨርስ ከት ብሎ ሳቀ።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?» አለኝ። «ልክ ነው የሚናገረው። ሌላም ካለው አንብቢልኝ።»