ባልዲው ውስጥ የነበረው ብረት

ጋራዡ ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ የማይታማ ሰው አልነበረም፤ ከጽዳቷ ሴትዮ በቀር። መዶሻ ጠዋት ይጠፋል፣ ከሰዓት መደርደሪያው ላይ ይገኛል። «ሰይጣን ነው የሚዋሰን» ይላሉ መካኒኮቹ። እማማ ባልዲም (ስሙን ያወጡላቸው እነሱው ናቸው) «ምን ያድርግ፣ እሱም ሥራ ይዞ ይሆናላ!» እያሉ ዘይት የጠጣውን ሲሚንቶ ይፈትጋሉ።

በዚያ ግቢ አፍንጫ መስበር የሰላምታ ያህል ነው። ስድቡ እናት ላይ ሲደርስ እማማ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው በመሃል ይገባሉ። «እግር አንሡ ልጆቼ፣ ልጥረግበት።» ጠበኞቹ ሲተናነቁ እሳቸው መዶሻውን፣ ትልቁን ቁልፍ፣ ካቻቢቴውን ለቅመው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍናሉ። በቡጢ የተደባደበ ሰው ማግስቱን ከንፈሩ አብጦም ቢሆን ይስቃል።

ይህን የተማሩት በገዛ ቤታቸው ነው። ሁለት ወንድሞቻቸው በማይረባ ነገር ሲጣሉ በሩ ሥር ምሳር ነበር። አንዱን ቀበሩ፣ ለሌላው እስር ቤት ስንቅ አመላለሱ። ምሳሩን እዚያ ያስደገፉት እማማ ራሳቸው ነበሩ።

ያ ከሆነ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አንድ ቀን፣ ሌሎቹ ምሳ በወጡበት ሰዓት፣ ኤሌክትሪሺያኑ በክሪክ የተነሣች ፒክአፕ ሥር ተኝቶ ሽቦ ሲቀጥል በያጁ ገባ። በያጁ የኤሌክትሪሺያኑ ሚስት ወንድም ነው፤ ክንዱ የሰው ጭን ያክላል።

«ውጣ! የእህቴን ጥርስ ማነው ያረገፈው?»

ኤሌክትሪሺያኑ ከሥር አንገቱን ብቅ አደረገ። «የቤቴ ጉዳይ ነው። አንተን አያገባህም።»

«ዛሬ ይሄን ጭንቅላትህን ካልፈረከስኩት የእናቴ ልጅ አይደለሁም!»

እማማ ግን ቀድመዋል። መዶሻው፣ ቁልፎቹ፣ ክሪኩን ከፍ የሚያደርገው ተነቃይ የብረት ዘንግ ሳይቀር ባልዲያቸው ገብቷል። በያጁ ዓይኑን ቢያንከራትት የሚጨበጥ አጣ። በንዴት መኪናዋን በትከሻው ገጫት። ክሪኩ ተንሸራተተ፤ ፒክአፗ ቁጭ አለች። ከሥሯ የወጣው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር።

«ደረቴ... ደረቴን...»

«ይበልህ!» አለ በያጁ።

እማማ ክሪኩን እንደገና ሥሯ ሸጎጡ፤ ዘንጉን ከባልዲው አውጥተው ሰክተው ሊያነሡ ቢሉ ክንዳቸው እምቢ አለ። ከሰው እጅ ብረት ሲያርቁ የኖሩት ሴት ዘንጉን ነቅለው ለበያጁ ዘረጉለት። «እንካ።»

በያጁ ጨርቁ የተገለጠበትን ባልዲ አየ። «ሰይጣኑ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ስድቡን በኋላ ታደርሰዋለህ። እኔ አቅም የለኝም፣ አንተ አንሣው።»

ዘንጉን ጨበጠ። የኤሌክትሪሺያኑ ጭንቅላት እግሩ ሥር ነው፤ ከአፍንጫው ደም ይፈሳል። በያጁ ብረቱን ወደ ላይ አነሣ። እማማ ተንበርክከው በዚያው ጨርቅ የኤሌክትሪሺያኑን ፊት ይጠርጉ ጀመር፤ ግንባራቸው ከግንባሩ ተነካካ።

«ይነሡ እማማ!»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

ዘንጉ ወረደ። ጆሯቸው አጠገብ ሲሚንቶውን መታ፤ ደገመው፣ ሠለሰው፤ ፍንጣሪው ፊታቸውን አቆሰለው። ከዚያ ክሪኩ ላይ ተሰካ። በያጁ እንባና ንፍጡ ተቀላቅሎ ብረቱን ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋ ጀመር። «ለእህቴ ነው... ውሻ... ለእህቴ ብዬ ነው!»

ኤሌክትሪሺያኑ በሦስት የተሰበረ ጎድን ተረፈ። ሚስቱ ልብሷን ሰብስባ ወንድሟ ቤት ገባች፤ አልተመለሰችም።

የሰይጣኑ ምስጢር ከወጣ ወዲህ ግቢው ጠቡን አልተወም። ግን ክፉኛ የተናደደ ሰው መጀመሪያ እማማን ይፈልጋል፤ መዶሻውን ባልዲው ውስጥ ጓ! ያደርግና «ያዙልኝ እማማ፣ ልደባደብ ነው» ይላል።