ታንጉት የጡት ልጅ ያገኘችበት ቀን

ታንጉት ነገረኛ ነበረች፤ ይህን የሚክድ የጋይንት ሰው ካለ ይምጣና ይከራከር። በጃንሆይ ዘመን ነው። ለፋሲካ ገላዋን ስትታጠብ በግራ ጡቷ ሥር ሽምብራ የምታህል እብጠት በጣቷ ነካች። አታማትም። ከሁለት ወር በኋላም ግን እብጠቷ እዚያው ነበረች፤ ታንጉትም ፈራች። ንፋስ መውጫ ክሊኒክ ቀለመወርቅ የሚባል፣ ቁስል የሚያጥብ በሽተኛ የሚያይ ወጣት ድሬሰር መጥቷል። ላሳየው ብትል ባሏ እንየው፣ የሚስቴን ጡት ባዕድ ወንድ አይነካም ብሎ ግግም አለ። ለምና አየች፣ አልቅሳ አየች፣ አኩርፋ አየች፤ ወይ ፍንክች!

ታዲያ ታንጉት ምን ቆርጧት ዝም ትላለች? እንየው ሦስት ሴቶች ወልዶ ወንድ ልጅ እንዳማረው የቀረ ሰው ነው። አንድ ቀን ለስለስ ብላ፣ ያንን ድሬሰር ለምን የጡት ልጅ አናደርገውም፣ የተማረ ነው፣ አቤቱታም ይጽፍልሃል አለችው። የእንየው ፊት በራ። ሙክት አረደ፣ ሽማግሌ ጠራ፣ የነፍስ አባታቸውን መምሬ መልአኩን ከላይ አስቀመጠ። ታንጉት ግን ለድሬሰሩ አስቀድማ ጉዳዩን ሹክ ብላዋለች።

በደንቡ እናት የምትሆነው ሴት ጡቷን ማር ትቀባለች፣ ልጅ የሚሆነው ይጠባል። ቀለመወርቅ ጎንበስ ብሎ ማሩን ቀመሰና በጣቶቹ እስከ ብብቷ ድረስ ይዳብስ ጀመር። ቆየ። ሽማግሎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንየው፣ ይሄ ልጅ ጡት ሳይጠግብ ነው እንዴ ያደገው ብሎ አጉረመረመ።

ልጁ ቀና አለ። እስከዚያች ቀን አንቱ ነበር የሚላት።

«እማዬ፣ አለማመሙ አያታልልሽ። ገና ትንሽ ነው፣ ሥር ሳይሰድ ይውጣ። ነገ ጎንደር ሆስፒታል እወስድሻለሁ።»

እንየው አፉን ሊከፍት ሲል መምሬ መልአኩ ቀደሙት። ልጅ እናቱን ሲያሳክም አባት ምን አገባው አሉ፣ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጋርደው።

ታንጉት አንድ ጡቷን ጎንደር ትታ በሕይወት ተመለሰች። ከዚያ ወዲያማ የሴቱ ነገር አይነሳ! ባሏ እንቢ ያላት ሁሉ ማሯን ይዛ ስትመጣ፣ ድሬሰሩ በአንድ ዓመት አሥራ አንድ እናት አፈራ።

አሰለፈች የምትባለው የእንየው እህት ግን እብጠቷን ሁለት ዓመት ደብቃ፣ ጡቷ ቆስሎ መሽተት ሲጀምር መጣች። ቀለመወርቅ ቁስሏን እያጠበ አለቀሰ፤ ሌላ የሚያደርግላት አልነበረውም። ለምን ደበቅሽ ቢላት፣ ወንድሜን ፈርቼ ነው አለችው። ይዟት የመጣው እንየው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

እህቱ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን እንየው ሦስቱን ሴት ልጆቹን ጠራ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እናታችሁ ታሳያችሁ፤ በየወሩ ጡታችሁን ዳብሱ። ነገር ያገኛችሁ ዕለት ቀድማችሁ ለእኔ ንገሩኝ፤ ሐኪም ቤት ልወስዳችሁ በቅሎዋን የምጭነው እኔ ነኝ» አላቸው።