ለዓሣ ያበላሁት ፍሬ መድኃኒት

ልጄ ከሩዙ ማሳ ጥግ ኩሬ ቆፍሮ ቀረሶ ዓሣ ጨመረበት። «ጣና እዚሁ አፍንጫችን ሥር እያለ? ዓሦቹ ሰው ናፈቀን አሉህ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀ እንጂ አልሰማኝም።

ክረምቱ ሲወጣ ዓሦቹን ቁስል ቁስል አላቸው። እሱ አዘነ፤ እኔ መች መላ አጣለሁ! ከቤቴ ቀይና ቢጫው ፍሬ መድኃኒት አይታጣም። ጥጃ ሲቆስል ፍሬውን ከፍቼ ዱቄቱን እነሰንስበታለሁ፣ ጫጩት ስትፈዝ በውኃ እግታታለሁ፣ ራሴን ሲያመኝ እኔው እውጠዋለሁ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣ። እና ልጄ ገበያ በሄደ ቁጥር ዱቄቱን ከፉርሽካ እያሸሁ ለዓሦቹ አበላሁ። አንዳንዱ ዳነ፣ አንዳንዱ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። ለዳኑት ራሴን አመሰገንኩ፣ ለሞቱት ፈጣሪን ወቀስኩ።

አንድ ቀን ወፍራሙን ቀረሶ ስሰነጥቅ የጀርባው እሾህ ሌባ ጣቴን ወጋኝ። ዱቄቴን ነሰነስኩ፣ ሁለት ፍሬም ዋጥኩ። በሦስተኛው ቀን ጣቴ ድንች አከለ።

ልጄ ወረታ ከተማ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሟ የልጅ ልጄን የምታክል ናት።

«እማማ፣ እስካሁን የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

ልጄ አጠገቤ ቆሟል። «ጠበል ብቻ፣ ልጄ» አልኳት።

የሰጠችኝን ውጬ ጨረስኩ፤ ጣቴ ጭራሽ ጠቆረ። ተመልሰን ስንሄድ ፊቷ ጠየመ። «እማማ፣ እንዲህ ከቀጠለ ጣቱ ሊቆረጥ ነው። የደበቁኝ ነገር አለ?»

እኔ ለነፍስ አባቴ እንኳ እየቀነስኩ ነው የምነግር። ያን ቀን ግን አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት።

«ለዓሣ?» አለች።

«ለዓሣ።»

«እማዬ! ለኔ ዓሣ?» ብሎ ልጄ ጮኸ። «ውኃው ነው የገደላቸው ብዬ ስንቴ ኩሬውን ስቀዳ የከረምኩ!»

«ጉልበትህ ጠነከረልህ፣ ምን ከፋህ?»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። «መድኃኒቱን ትንሽ ትንሽ ሲያገኘው ደካማው ጀርም ይሞታል፤ የበረታው ይቀርና ይራባል። ከዚያ ወዲያ ያ መድኃኒት ምኑም አይደል። በዓሣው እሾህ የገባብዎት እንዲህ ያለው ሳይሆን አይቀርም።»

«እንግዲያ እኔው ቀልቤ አሳደግሁት በያ!»

መግሉን ቀድታ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ሌላ መድኃኒት በመርፌ ወጋችኝ፣ ቁስሉንም ከፍታ አጠበችው። ጣቴ ተረፈ፤ መታጠፍ ግን እምቢ አለ።

ቤቴ ገብቼ ሳልቀመጥ ጎረቤቴ ዶሮዋን ታቅፋ ከተፍ። «እታለም፣ ሁለት ፍሬ ስጭኝ፤ ይች ዶሮ ፈዘዘችብኝ።»

«አልሰጥም። ወረታ ከብት ሐኪሙ ጋ ውሰጃት።»

«ለዶሮ ሐኪም? ኧረ አንቺ ስታረጂ ሰሰትሽ!»

ጣቴን ከፊቷ ገተርኩት። «ይኸው የፍሬው ሥራ! እስቲ እጠፊው።»

ዶሮዋን በብብቷ ሸጉጣ ታገለችው። ተወችው፣ ደግሞ ሞከረች። አልታጠፈላትም። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔንም ዶሮዋንም እየተራገመች፣ የወረታን መንገድ ያዘች።