ለእስስት ቤት የመረጥኩት ወንፊት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ኮዬ ፈጬ፣ ከእኔ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ወጣት ጎረቤቴ በሬን አንኳኳ። በአንድ እጁ ሁለት ዓይነት ወንፊት ጠቅልሎ ይዟል፣ በሌላው ስልኩን።

«እትዬ ጽጌ፣ ሽቦ የሚቆርጥ መቀስ ይኖርዎታል?»

«ምን ልትሠራበት ነው?»

«ከብሎኩ ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ላይ እስስት አግኝቼ ነበር። በረንዳው ላይ ቤት ልሠራላት አስቤ። ስልኬ ላይ ግን አንዱ የብረት ወንፊት ይሻላል ይላል፣ ሌላው የፕላስቲክ ይላል፤ ግራ ገባኝ።»

መቀሱን ከመፈለጌ በፊት ወንፊቶቹን ተቀብዬ በጣቴ ዳሰስኳቸው። ባዶው ብረት ጥፍሯን እንደሚይዝባት፣ ቀትር ላይም እንደሚግል ነገርኩት። ስስ ፕላስቲክ ለእግሯ ለስላሳ ቢሆንም ለምግቧ የሚገባው ፌንጣ ይበሳዋል። ቀዳዳው ዝንብ የማያሳልፍ፣ አየር ግን የማይከለክል መሆን አለበት። ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ካገኘህ እሱን ያዝ አልኩት። ልጁ አፉን ከፍቶ ሰማኝ።

«እርስዎ ይሄን ሁሉ ከየት አወቁት?»

«ተማሪ ሆኜ ሠርቼ ነበር» አልኩትና መቀሱን ሰጥቼ በሩን ዘጋሁ። የቀረውን አልነገርኩትም። ለማንም ነግሬ አላውቅም ማለት ይቻላል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ ነበር። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማቅለሚያ ክፍል ይሠራ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ፋብሪካው የምን ቀለም ትዕዛዝ እንደያዘ የሠፈሩ ሰው ከአባቴ ጥፍር ይረዳ ነበር። አንድ ሳምንት ሰማያዊ፣ አንድ ሳምንት ቡኒ ሆኖ ይከርማል። እናቴ «ከእጅህ ጋር አንድ መሶብ መቅረብ ቀፈፈኝ» እያለች ታበሽቀዋለች፤ እሱ ግን በዚያ ጥፍሩ ይኮራ ነበር።

ጓደኛዬ ራህመት ትባላለች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። አባቷ ጋሽ ሸምሱ ከስልጤ መጥተው አቃቂ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ራህመት ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ውስጥ ታግዛቸዋለች፣ ማገዝ ከተባለ። ገዢ መጥቶ «ቂቤው ትኩስ ነው?» ሲል «አይ፣ ያለፈው ሳምንት ነው» ትላለች። ጋሽ ሸምሱ ራሳቸውን ይዘው «ይቺ ልጅ ሱቄን ሳታዘጋኝ አትቀርም» ይላሉ። አመሏ እንጂ ለመታየት ብላ አልነበረም። ያላየችውን ነገር መናገር ጭራሽ አይሆንላትም።

ኅዳር ላይ የባዮሎጂ መምህራችን ቲቸር አበራ ኤግዚቢሽን እንደሚዘጋጅ ነገሩን። ሁለት ሁለት እየሆንን አንድ ነገር በተግባር ማሳየት ነበረብን። «መጽሐፍ ላይ ያለውን እኔም አነበዋለሁ» አሉ። «እናንተ በዓይናችሁ ያያችሁትን ነው የምፈልገው።»

እኔ ወዲያው እጄን አወጣሁ። እስስት ያለችበትን ቀለም እንደምትይዝ እናሳያለን አልኩ። ይሄን የማያውቅ ማን አለ? ቲቸር አበራ ፈገግ ብለው መዘገቡን።

ማታ እራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት። ቀይ ቤት ውስጥ የገባችው ትቀላለች፣ ነጭ ውስጥ የገባችው ትነጣለች አልኩት። ማንኪያውን አስቀምጦ ሰማኝ። ቀለም የሱ ሥራ ነው፤ ልጁ ስለ ቀለም ስታወራው ይህ የመጀመሪያው ነበር። በማግስቱ ለፈረቃ ጓደኞቹ ሁሉ «ልጄ ያለ በርሜል፣ ያለ እሳት ቀለም ልታስይዝ ነው» ብሎ አወራ። የትምህርት ቤቴን በር ረግጦ የማያውቀው ሰው ኤግዚቢሽኑን ሊያይ ፈረቃ ተቀያየረ።

ሦስት እስስት ከወንዙ ዳር ካለ ግራዋ ላይ ያዝን። ራህመት ናት በሻሿ ያነሳቻቸው፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ ነው አመራር የሰጠሁት። መንገድ ላይ ያገኙን ሴቶች አማተቡ። እስስት ከነከሰች አህያ ካልጮኸ አትለቅም ይሉ ነበር። እናቴም ቤት አታስገቧቸውም ስላለች ጓሮ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አስቀመጥናቸው።

ከዚያ የወንፊት ነገር መጣ። ሳጥኖቹን ከፍራፍሬ ማሸጊያ ጣውላ መትተን ፊታቸውን ምን እናልብሰው በሚለው አንድ ሳምንት ሙሉ ፈጀን። መጀመሪያ የዶሮ ሽቦ ሞከርን፤ ያስገባነው ዝንብ በገባበት ወጣ፣ ትንሿ እስስትም ጭንቅላቷን አሹልካ መንገዱን ታይ ጀመር። የማዳበሪያ ከረጢት ወጠርን፤ አየር አያስገባም። የመስኮት ወንፊት ሽቦ ከጎረቤት ለመንን፤ እሱስ ሲያዩት ያምር ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን አንዷ ጥፍሯ ተሰክቶ በአንድ እግሯ ተንጠልጥላ አገኘናት። ራህመት ዘይት ጠብ አድርጋ በመርፌ ቀስ ብላ አላቀቀቻት። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ራህመት የመጣውን ሁሉ በእጅ አንጓዋ ውስጠኛ ቆዳ ላይ እያሸች ትፈትን ጀመር። «እዚህ ጋ ካልቧጠጠኝ እሷንም አይቧጥጣትም» ትላለች። በመጨረሻ የወደደችው አባቴ ከፋብሪካው ያመጣውን ሳሳ ያለ ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ነው።

«ሦስቱንም በዚህ እናልብሳቸው» አለች።

«እንዴ! ታዲያ ቀዩ ከየት ሊመጣ ነው?»

«ጽጌ፣ መጀመሪያ ደህና ይሁኑ።»

«ደህና ለመሆንማ ግራዋው ላይ ደህና ነበሩ። እኛ የፈለግነው ቀለም ነው።»

ሐሳቡ የኔ ስለነበረ እንደ ልማዴ እኔ አሸነፍኩ። ለቀዩ ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ ቀይ የሽንኩርት ከረጢት አምጥተን ደራርበን ወጠርነው። ለአረንጓዴው ሳሪስ አቦ ገበያ ሄደን የፕላስቲክ መረብ ገዛን፤ የታክሲ ብራችን በዚያ አለቀና በእግራችን ተመለስን። ነጩ የአባቴ ጨርቅ ሆነ። የሚገርመኝ፣ ያን ሁሉ ስንመርጥ ከራህመት በቀር ስለ እስስቶቹ ያሰበ አልነበረም።

መጠበቅ ጀመርን። ወቅቱ የሽምብራ እሸት የሚደርስበት ነው፤ ጓሮ ተቀምጠን እሸት እየፈለፈልን እናያቸዋለን። አረንጓዴው ውስጥ ያለችው አረንጓዴ ናት። ቀዩ ውስጥ ያለችውም አረንጓዴ። ነጩ ውስጥ ያለችውም እንደዚያው። ሳምንት አለፈ፣ አሥር ቀን አለፈ። ጠዋት ጠዋት የአቃቂ ብርድ አጥንት ሲገባ ሦስቱም ይጠቁራሉ፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ሦስቱም ፈዘው ቢጫማ ይሆናሉ። የወንፊቱን ቀለም ከጉዳይ የጣፈችው የለችም።

ራህመት በሰዓት በሰዓቱ ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። አንድ ቀን ደብተሩን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ጽጌ፣ ቀለማቸው የሚሄደው ከሙቀቱ ጋር ነው! ተመልከች፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚለዋወጡት። ይሄ እኮ ካሰብነው ይበልጣል!»

ይበልጥ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያን የመሰለ ግኝት በእጃችን ነበር። እኔ ግን የታየኝ አባቴ ብቻ ነው፦ ያን ሁሉ ለፈረቃው አውርቶ፣ መጥቶ ሦስት አረንጓዴ እስስት ሲያይ። «አይሆንም» አልኳት። «ቀይ ይሆናል ብያለሁ።»

የኤግዚቢሽኑ ዕለት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳጥኖቹን ይዤ ከሁሉም ቀድሜ ትምህርት ቤት ደረስኩ። ቀዩን ሳጥን ፀሐይ የማይደርስበት ቀዝቃዛ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ደበቅኩት፤ እዚያ ያለችው እንደ ጠቆረች እንድትቆይ። ነጩን ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ሰጣሁት። የራህመትን ደብተር ሆን ብዬ ቤት ትቼዋለሁ።

ራህመት ስትደርስ ነጩ ውስጥ ያለችው ነጣ ብላ፣ አፏን ከፍታ ታለከልክ ነበር። ሳጥኑን አንስታ ወደ ጥላ ወሰደችውና ቅጠሉ ላይ ውሃ አንጠባጠበችላት። ከዚያ ዞር አለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዛሬ ብቻ ነው፣ ራህመት። አባዬ ሊመጣ ነው። በናትሽ።»

ሳጥኑን ይበልጥ ወደ ጥላው ገፋችው። «እኔ በራሴ ምንም አልናገርም» አለች በመጨረሻ። «ከጠየቁኝ ግን ያየሁትን ነው የምለው።»

አባቴ የበዓል ኮቱን ለብሶ መጣ። ጥፍሩ በዚያ ሳምንት ሰማያዊ ነበር። ሰው ሲሰበሰብ ቀዩን ሳጥን አውጥቼ አስረዳሁ፤ ምላሴ እንዲያ ይፈታል ብዬ አስቤ አላውቅም። በከረጢቱ ቀይ መረብ በኩል ሲያዩት የጠቆረው ገላዋ እውነትም ቀላ ያለ ይመስላል። ሰው «ወይ ጉድ!» አለ። ቲቸር አበራ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቀና አሉ፣ ከዚያ ወደ ራህመት ዞሩ።

«ጽጌ ይሄን ብላለች። ራህመት፣ አንቺስ? ስትለወጥ በዓይንሽ አይተሻታል?»

አባቴ ከፊቴ ቆሟል። ራህመት ሳጥኖቹን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው፣ ረጋ ብላ።

«አዎ ቲቸር» አለች። «ስትለወጥ አይቻታለሁ።»

ተጨበጨበ። አንደኛ ወጣን። እፎይታው ሊያስለቅሰኝ ነበር።

ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር የሽምብራ እሸት ገዛ። በሰማያዊ ጥፍሩ እየፈለፈለ፣ አንዱን ለራሱ አንዱን ለኔ እያለ፣ ሐዲዱን ተሻገርን። ከዚያ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣ «ቀዩ ውስጥ ያለችው ግን ቡኒ ናት» አለ።

የሰጠኝን እሸት ሳልበላ ያዝኩት።

«ቀይማ ሌላ ነው» አለና ጭብጥ እሸት ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አንስቶ አያውቅም። ለፈረቃ ጓደኞቹ ምን እንዳላቸውም አላውቅም። የምስክር ወረቀቴን ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ከተተው እንጂ ግድግዳ ላይ አልሰቀለውም። ምናለ በሰቀለውና ተሞኝቶ በኖረ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ አለ።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ራህመትን ላመሰግን ሱቅ ሄድኩ። እስስቶቹን ቅዳሜውኑ ወስዳ ግራዋው ላይ መልሳቸዋለች። ለአንዲት ሴትዮ ምስር እየመዘነች ነበር።

«ስለ እኔ ብለሽ ዋሸሽ» አልኳት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ውለታሽን መቼም አልረሳም።»

«አልዋሸሁም።»

«አይቻታለሁ አልሽ እኮ!»

«ስትለወጥ አይቻታለሁ አልኩ» አለች፣ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳታነሳ። «እስስቷን አላልኩም።»

ምስሩን ወረቀት ላይ ገልብጣ ጠቀለለችና ለሴትዮዋ ሰጠች። እኔ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ክብሪቶች ሳይ ቆየሁ። በአማርኛ እስስቷም «እሷ» ናት፣ እኔም «እሷ» ነኝ። ሰው ሁሉ እስስቷን ሲያይ ራህመት ስለ እኔ መስክራ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ያየችውን፣ አንድ ቃል ሳትጨምር። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም።

አልተጣላንም። ዴስክ አልለወጥንም። ሁለት ሁለት ሁኑ በተባለ ቁጥር ግን ራህመት ቀድማ ከሌላ ሰው ጋር ትመዘገብ ነበር። ከትምህርት በኋላም አልተቋረጥንም፤ ለኢድ ትጠራኛለች፣ ለፋሲካ እጠራታለሁ፣ ሐዘን ሲኖር እንደራረሳለን። ከውጭ ለሚያየን የልጅነት ወዳጆች ነን። ይቅርታ ልጠይቃት ብዙ ጊዜ አስቤ፣ ቤቷ ደርሼ፣ ስለ ልጆችና ስለ ኑሮ አውርተን ተመልሻለሁ።

ባለፈው ዓመት ልጄ ልትዳር ስትል ራህመት ስጦታ ይዛ መጣች። ልጄ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

«እትዬ ራህመት፣ እርስዎ እማዬን ከልጅነቷ ጀምሮ ነው የሚያውቋት። እውነቱን ይንገሩኝ፤ እንዴት ያለች ልጅ ነበረች?»

ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። ራህመት ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ቂም አልነበረም።

«ጎበዝ ነበረች» አለቻት።

ልጄ ደስ ብሏት ሳቀች። እኔ ትሪውን እንደያዝኩ የቀረውን ጠበቅሁ። ራህመት ግን የቀረበላትን ብርጭቆ አንስታ ልጄን ስለ ሙሽራው ትጠይቃት ጀመር።