አውድማው ዳር የተከልሁት ምልክት

የያዙኝ አርብ ገበያ ላይ ነው፤ ሰኔ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው። ከእስቴ ተነሥተን፣ ስማዳን አቋርጠን፣ የተራሮችን ከፍታ ስንለካ ከርመን ነበር። ገበሬዎች ከበቡኝና «ቃላድ ልትጥሉብን ነው?» አሉኝ። ርስታቸው ተለክቶ ግብር እንዳይጨመርባቸው ነው ፍርሃታቸው።

«እኔ የምለካው ከፍታ ነው» አልኋቸው። «የባሕር ውሃ ጸጥ ብሎ የተኛበትን ልክ ዜሮ እንለዋለን። ከዚያ ተነሥተን ተራራው ምን ያህል ከፍ እንዳለ እናውቃለን። የመሬታችሁን ስፋት የሚለኩ የመጡ ዕለት ግን ለምን ብላችሁ ጠይቁ።»

ያሳሰረችኝ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት። ሕዝብ አነሣሥተሃል ተባልሁ። መሣሪያዬን በአህያ ጭነው፣ እኔን በእግሬ ነዱኝ።

እስር ቤቱ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ የረጠበ አጎዛ፣ ሽንት፣ የሻገተ ቂጣ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከወዲያኛው ጥግ አንድ ሽማግሌ ከመኝታቸው ተነሡና «ና፣ እዚህ ዕረፍ» አሉኝ። እግራቸው በብረት ታስሯል፤ ሲራመዱ ሰንሰለቱን በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው ይይዙታል። ደክሞኝ ነበር። እሺ ብዬ ተኛሁ።

የገባኝ ሲነጋ ነው። ዘንቦ አድሯል። ውሃው በኋላኛው ግድግዳ ሥር ገብቶ ወለሉን ጭቃ አድርጎታል። የደረቀችው እኔ የተኛሁባት ጥግ ብቻ ናት። ሽማግሌው ጭቃው መካከል ቁጢጥ ብለው፣ ጋቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ።

«አባቴ፣ የርስዎ ቦታ ነበር እንዴ?»

«የእንግዳ ነው» አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

አጠገቤ የተኛውን ጎልማሳ ሽማግሌው በምን ታስረው እንደሆነ ጠየቅሁት። «የስማዳ ሰው ናቸው። ቀያሾች የተከሉትን የነሐስ ምልክት ነቅለሃል ብለው ነው» አለኝ። «አውድማቸው ዳር ያለው ቋጥኝ ላይ ነበር።»

ቋጥኙን አስታወስሁት። መዶሻ የማይበግረው፣ ለሥራዬ የሚመች ድንጋይ ነበር። ያን ዕለት ቤተሰቡ ለማርያም ክብረ በዓል ወጥቶ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። እስኪመለሱ አልጠበቅሁም። ነሐሷን በሲሚንቶ አጣብቄ፣ ቁጥሯን መዝግቤ መንገዴን ቀጠልሁ።

ቀትር ላይ ስንቅ ሲገባ ሽማግሌው ከቂጣቸው ገምሰው ዘረጉልኝ። መቀበልም አለመቀበልም አፈርሁ።

«አባቴ፣ ያን ነሐስ የተከልሁት እኔ ነኝ።»

«አውቄሃለሁ» አሉ። «ያን ሦስት እግር ዕቃ ተሸክመህ በመንደሩ ስታልፍ አይቼሃለሁ። ትናንት በሩ ላይ ስትቆምም ለየሁህ።»

«እያወቁ ነው የተነሡልኝ?»

«ታዲያ የት ልትተኛ ነበር?» ቂጣውን እጄ ላይ አስቀመጡት። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልኩ ከባሕር ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ታዲያ የኔን አውድማ ምን አስነካህ?»

«ባሕሩን ተሸክመን አንዞርም፣ አባቴ። ቁጥሩን በማይነቃነቅ ድንጋይ ላይ እናሳርፈዋለን፤ ከኋላ የሚመጣው ከዚያ ይቀጥላል።»

«ደግ ነገር ነው። ቢሆንም ድንጋዩ ባለቤት ነበረው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የነቀለውን አውቀዋለሁ። ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው።»

እኔ የማውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ከእስረኞቹ ገበቴ ለምኜ አፉ ድረስ ውሃ ሞላሁት። ዓይኔን ከውሃው ፊት ጋር አስተካክዬ እያየሁ፣ ግድግዳውን ዙሪያውን በከሰል አሰመርሁ። ከመስመሩ እስከ ወለሉ ያለውን በመቀነት ስንለካ፣ ሜዳ ይመስለን የነበረው ወለል ከበሩ በስተቀኝ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሁሉም ተነሣ። በቀንድ ማንኪያ፣ በድንጋይ ስባሪ፣ በጥፍር ቦይ ቆፍረን ከግድግዳው ሥር ቀዳዳ አወጣን። በማግስቱ ሲዘንብ ውሃው በቦዩ ሄደ። ሽማግሌው ዳኛ ይመስል ቆመው ሲወጣ ያዩት ነበር።

ቀዳዳዋን ያየ ዘበኛ «ግንብ እየፈነቀሉ ነው» ብሎ ከሰሰን። እኔ ቦዩን ያስቆፈርሁ ተብዬ፣ ሽማግሌው ደግሞ በነሐሱ ክስ ተፈለግን። ሁለታችንንም የእስር ቤቱ አዛዥ ፊት አቀረቡን።

አዛዡ ቀዳዳዋን ሄዶ አይቶ ኖሯል። «ድመት እንኳ አታስወጣም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንተ የተማርህ ሰው ነህ። ይህ ሽማግሌ ምልክቱን ሲነቅል አይቼዋለሁ በል። ነገ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። እንዳይከብደኝ ብለው ይመስለኛል።

«ሲነቅሉ አላየሁም» አልሁ። «እኔ ግን ስተክል አላስፈቀድኋቸውም። እሱንም ጻፉልኝ።»

በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ጮኸ፤ ባርኔጣዬ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሽማግሌው ሰንሰለታቸውን እየጎተቱ መጡ፤ ጎንበስ ብለው አነሷት። አቧራዋን በጋቢያቸው ጠርገው፣ በአዛዡ ፊት፣ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

መስከረም ሲጠባ መሥሪያ ቤቴ አማልዶ አስፈታኝ። እርሳቸው ቀሩ። ለእርሳቸው የሚያማልድ መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ስማዳ ወርጄ ቤታቸውን አጠያየቅሁ። ተፈትተው አንድ መኸር ብቻ አይተው አርፈዋል። ሴት ልጃቸው በሩ ላይ ተቀበለችኝ።

«ለአባቴ ምናቸው ነዎት?»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ። «አብረን ታስረን ነበር» አልኋት። ያሳሰራቸው የኔ ነሐስ መሆኑን ዋጥሁት።

ፊቷ በራ። አስገብታ መደቡ ላይ አስቀመጠችኝና፣ እግሬን ልታጥብ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይዛ መጣች። እግሬን ወደ ኋላ ሰበሰብሁ። «ተዪው ልጄ፣ ራሴ እታጠባለሁ» ብላትም «የአባቴን ወዳጅማ!» ብላ ተንበረከከች።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ስለ እስሩ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ ጥፊው፣ ስለ ጭቃው መስማት ይፈልጋሉ። እሱ አልፏል። እኔ አሁንም ድረስ የሚሰማኝ የዚያች ልጅ እጅ ነው፤ የመንገዱን አቧራ ከጣቶቼ መካከል ቀስ ብላ ስታወጣ፣ እኔ ደግሞ ቀና ብዬ ላያት አቅቶኝ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ።